የጋሽ ወርቁ ናፍጣ

ጋሽ ወርቁ ሰው የሚያማክሩት ውሳኔያቸውን ከጨረሱ በኋላ ነው። እህል በረንዳ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ጤፍ ሲሸጡ «ተሳሳትኩ» የሚል ቃል ከአፋቸው ወጥቶ የሰማ የለም። ማኛ ነው ብለው ያስጫኑት ጤፍ ሰርገኛ ሆኖ ሲራገፍ እንኳ ጆንያውን በጣታቸው ቆፈር ቆፈር አድርገው፣ «ድሮም የፈለግኩት ሰርገኛ ነው፤ ለሆድ የሚስማማው እሱ ነው» ይላሉ። አንድ ጊዜ በስህተት «አንተ» ያላቸውን ጎረምሳ አንድ ሰዓት ሙሉ አስቀምጠው ስለ አክብሮት መክረውታል። ከዚያ ወዲህ በረንዳው በሌሉበትም «እሳቸው» ይላቸዋል። እኛም ለሰላም ስንል እንደዚያው እንላቸዋለን።

መኪናዋን የገዙት ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ነው። ትንሽ ናት፤ ሰማያዊ፤ በሯ ሁለት ብቻ። ከኋላ ለመቀመጥ የፊቱን ወንበር ማጠፍ፣ አንገትን መስበር፣ ከዚያም ጉልበትን ደረት ላይ አስደግፎ መጸለይ ያስፈልጋል። ደላላው ኢምራን፣ «ዲፕሎማት ነው የነዳት፤ ከቤቱ እስከ ቢሮው ብቻ» አላቸው። መርካቶ ውስጥ የሚሸጥ መኪና ሁሉ የሚነዳው ወይ በዲፕሎማት ነው ወይ በጡረተኛ ሐኪም፤ ሌላው ሕዝብ ምን እንደሚነዳ አይታወቅም። ጋሽ ወርቁም ይህን ስለሚያውቁ ፈገግ ብለው ሊሄዱ ሲሉ ኢምራን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የመንግሥት ምስጢር እንደሚያወጣ ሰው፣

«ናፍጣ ናት እኮ ጋሼ» አለ።

እግራቸው ቆመ።

ለጋሽ ወርቁ ናፍጣ ነዳጅ ብቻ አልነበረም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በደጃቸው የቆመው የጭነት መኪና፣ ከጎጃም ዓባይን ወርዶ ዓባይን ወጥቶ ጤፋቸውን ያመጣው ሁሉ በናፍጣ ነው። ሹፌሮቹ እግራቸውን አንፈራጥጠው ስለ ሞተር ጉልበት ሲያወሩ እሳቸው ሚዛን ሥር ቆመው ያዳምጡ ነበር፤ ጨዋታው ውስጥ ግን አንድም ቀን አልተጋበዙም። በዚህ የተነሳ አንድ እምነት አድሮባቸዋል፤ ቤንዚን የልጅ ነው፣ ናፍጣ የወንድ ነው።

ጤፍ ሲገዙ በመዳፋቸው ዘግነው፣ እፍ ብለው፣ ሁለት ሦስት ፍሬ አላምጠው ነው። መኪናዋንም ያንኑ አደረጓት፤ ከማላመጡ በቀር። ዳሰሷት፣ አሸተቷት፣ ኢምራን ሞተሩን ሲያስነሳ ጆሯቸውን ክዳኑ ላይ ለጠፉ። ቀቀቀቀቀቀ! ጉንጫቸው አብሮ ተንቀጠቀጠ።

«ይሄ ነው!» አሉ ቀና ብለው። «የጭነት መኪና ልብ!»

«እንደ እርስዎ የገባው ሰው አላጋጠመኝም» አለ ኢምራን። እውነቱን ነበር፤ ለስምንት ወር ያህል ማንም አልገባውም።

በማግስቱ እህል በረንዳ ይዘዋት ገቡና ሁለት የጭነት መኪናዎች መሃል አቆሟት። ከፊት ለፊታቸው ሽንብራና ባቄላ የሚሸጠው የሃያ ዓመት ወዳጃቸው ሙደሲር የወሎ ሰው ነው፤ ሲያሾፍም ድምፁን አያነሳም። ከሱቁ ወጥቶ መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞራትና፣

«ማሻአላህ!» አለ። «ስታድግ ምን ትሆናለች?»

ጫኝና አውራጆቹ ከነጆንያቸው ተንገዳገዱ። ጋሽ ወርቁ ግን አልሳቁም፤ ሳቁ ጋብ እስኪል ጠብቀው በአንድ ሊትር ስንት ኪሎ ሜትር እንደምትሄድ አስረዱ። በዚያ ሳምንት ይህን ያላስረዱት ሰው አልነበረም። ሁለት ኪሎ ጤፍ ልትገዛ የመጣች ሴት ስለ ናፍጣ ጉልበት ተምራ፣ ጤፉን ረስታ ሄዳለች።

ሚስታቸው ቦሰና፣ አዲሱ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ካለው ቤታቸው እስከ ሱቋ በመኪናዋ የሄደችው ለሦስት ቀን ነው። የምትሸጠው በርበሬና ሽሮ ስለሆነ ስለ ወፍጮ ታውቃለች። በሦስተኛው ቀን ከመኪናው ወርዳ ነጠላዋን አራገፈችና፣

«ወርቁ፣» አለች፣ «ወፍጮ ቤት ቁጭ ብዬ የምፈጭ ነው የመሰለኝ። ጥርሴ ላልቷል። ከዛሬ ጀምሮ እኔ በታክሲ።»

«እንደ ፈለግሽ። ትዘገያለሽ እንጂ።»

አልዘገየችም። ጋሽ ወርቁ ደርሰው ማቆሚያ ፍለጋ በረንዳውን ሦስቴ ሲዞሩ፣ እሷ ሱቋን ከፍታ፣ ሚዛኗን ወልውላ፣ ሁለት ደንበኛ ሸኝታ፣ በሦስተኛው ዙር ሲያልፉ እጇን ታውለበልብላቸው ነበር። የነሐሴ ዝናብና ብርድ ሲገባ ደግሞ ጉዳዩ ባሰ። ጠዋት ጠዋት መኪናዋ አልነሳም ትላለች። ጋሽ ወርቁ ቁልፉን ያዞራሉ፣ ይጠብቃሉ፣ ይለማመጧታል፣ በስመ አብ ይላሉ፤ በስንተኛው ላይ ስትነሳ ነጭ ጭሷን ቀጥታ በጎረቤት ወጥ ቤት መስኮት ትለቃለች። ጎረቤቲቱ እያሳለች ብቅ ስትል ጋሽ ወርቁ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው፣ «ናፍጣ እስኪሞቅ ነው!» ይላሉ፣ መልካም ዜና እንደሚያበስር ሰው። ጋቢያቸው፣ ጸጉራቸው፣ አልፎ አልፎም ጤፋቸው ናፍጣ ናፍጣ ይሸት ጀመር።

መስከረም ላይ መኪናዋ ዳገት አልወጣ ስትል ወደ ጴጥሮስ ወሰዷት። ጴጥሮስ ጎጃም በረንዳ አካባቢ ጋራዥ ያለው፣ የማንኛውንም መኪና ክዳን ሲከፍት ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ዝም የሚል መካኒክ ነው። ከፈተ፣ ዝም አለ፣ ከዚያም፣

«ጋሼ፣ የነዳጅ ማጣሪያዋ ተደፍኗል። ያገኙ እንደሆነ እቀይርልዎታለሁ» አለ።

«ያገኙ እንደሆነ» የምትለዋን ቃል ጋሽ ወርቁ ንቀው አለፏት። መርካቶ ለሚኖር ሰው ምን ዕቃ ይጠፋል? ሶማሌ ተራ ገብተው ከመለዋወጫ ሱቅ መለዋወጫ ሱቅ ዞሩ። አንዱ ሻጭ ማጣሪያውን አገላብጦ አየና «የትራክተር ነው?» አለ። ሁለተኛው «የጄኔሬተር መሰለኝ» አለ። ሦስተኛው አጎቱን ጠራ፤ አጎትየው መነጽር አድርገው መርምረው፣ «ይሄን ነገር በሕይወቴ አይቼ አላውቅም፤ አላህ ይርዳህ» ብለው መለሱላቸው። በመጨረሻ ምን አለሽ ተራ፣ ከቆርቆሮ ምድጃ የሚሠራ አንድ ባለሙያ የጭነት መኪና ማጣሪያ ቆርጦ፣ በቆርቆሮ ቀበቶ አስሮ ገጠመላቸው። ክዳኑ አልዘጋ ስላለም በመዶሻ ትንሽ አጎበጠላቸው።

«አሁን ገና የጭነት ሆነች!» አሉ ጋሽ ወርቁ በደስታ።

ጴጥሮስ ግን አንድ ነገር አሳስቦት ነበር። «ጋሼ፣ ነዳጅ መሙያው ክዳን ላይ ያለው ጽሑፍ ለቋል። ማደያ ላይ ትንሽ መኪና ሲያዩ ቤንዚን ይመስላቸዋል። በቀይ ቀለም ‹ናፍጣ› ብዬ ልጻፍበት?»

«ሰው ስሙን ግንባሩ ላይ ይጽፋል? ድምጿን የሰማ ያውቃል።»

ጴጥሮስ ብሩሹን መለሰው።

ከዚያ የናፍጣ እጥረት መጣ። የሚገርመው፣ ለሌላው መዓት የሆነው ለጋሽ ወርቁ ሠርግና ምላሽ ሆነላቸው። በናፍጣ ሰልፍ ላይ ከፊት አሸዋ የጫነ፣ ከኋላ ብረት የጫነ፣ መሃል ላይ ሰማያዊዋ ትቆማለች፤ ከሩቅ ላየው ሁለት ዝሆኖች መሃል የጠፋች ጥንቸል ትመስላለች። መጀመሪያ ሰሞን ሹፌሮቹ «ጋሼ፣ መንገድ ተሳስተው ነው?» ይሏቸው ነበር። እሳቸው ግን ይህን ጥያቄ ሠላሳ ዓመት ሲጠብቁት ኖረዋል። ይወርዳሉ፣ በሩን በኃይል ይዘጋሉ፣ እግራቸውን አንፈራጥጠው ይቆማሉ። «እኛ ናፍጣዎች…» ብለው ይጀምራሉ። ሰልፉ ሦስት ሰዓት ከፈጀ ንግግራቸውም ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ሹፌሮቹ የሚሄዱበት ስለሌላቸው ያዳምጣሉ። እንዲህ ያለ ታዳሚ ጋሽ ወርቁ በሕይወታቸው አግኝተው አያውቁም።

አሁን ወደዚያ ቅዳሜ እንምጣ።

እህል በረንዳ ውስጥ አንድ ግድግዳ የሚጋሩ ሁለት ነጋዴዎች ተጣልተው ሰባት ወር ሆኗቸው ነበር። አንደኛው ሙስዓብ የሚባል የሠላሳ አምስት ዓመት ጎልማሳ ነው፤ ስንዴ ይሸጣል። ሁለተኛዋ ፋንታዬ ናት፤ ምስር የምትሸጥ፣ ዕድሜዋ ስድሳን የተሻገረ፣ ምላሷም ያልዛገ። ሙስዓብ በገበያተኛ ፊት «የእትዬ ፋንታዬ ምስር ነቀዝ አለበት» አለ ተባለ። በሳምንቱ የፋንታዬ ጣሪያ አሸንዳ አቅጣጫውን ቀየረና የክረምቱ ውሃ በሙሉ የሙስዓብ ስንዴ ላይ ወረደ። ሙስዓብ «ብያለሁ» አላለም፤ ፋንታዬም «አዙሬያለሁ» አላለችም። ከዚያ ወዲህ በአንድ ግድግዳ ግራና ቀኝ ሆነው ሰላምታ እንኳ የላቸውም፤ ደንበኛ ካንዱ ሱቅ ወጥቶ ወደ ሌላው ከገባ ከሃዲ ይባላል።

ሽማግሌ ተሰየመ። ሙደሲር ከሙስዓብ ወገን፣ የፋንታዬ የነፍስ አባት መምሬ ይገረም ከእሷ ወገን፣ ሰብሳቢው ጋሽ ወርቁ። ቀጠሮው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከአውቶቡስ ተራ ጀርባ ባለው የእድር አዳራሽ ነው። ጋሽ ወርቁ ሳምንቱን በሙሉ ንግግር ሲያዘጋጁ ሰነበቱ፤ ርእሱም «ጥፋትን ማመን» የሚል ነበር። ቦሰና ጓዳ ሆና ሲለማመዱ ሰማቻቸውና፣

«ማነው የሚናገረው?» አለች።

«እኔ።»

«ስለ ምን አልከኝ?»

«ጥፋትን ስለ ማመን።»

ቦሰና ወደ ጓዳዋ ተመለሰች፤ ከዚያ ሳቁን በሳል የሚሸፍን ሰው ድምፅ ለረጅም ጊዜ ተሰማ።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ወርቁ ሙደሲርን አሳፍረው ለነዳጅ ተሰለፉ። ሙደሲር «ከዚህ እስከ አዳራሹ በእግር አሥራ አምስት ደቂቃ ነው፤ ለምን እንሰለፋለን?» ብሎ ነበር። ጋሽ ወርቁ በሐዘን አዩት። «ሽማግሌ በእግሩ እየኳተነ ሄዶ ማን ይሰማዋል? ክብር ያስፈልጋል።»

ሰልፉ ላይ አንድ ሰዓት ያህል እንደቆዩ፣ ጋሽ ወርቁ ከኋላቸው ላለው ባለ ተሳቢ ሹፌር ትምህርታቸውን ጀምረው ሳለ፣ ሩታ የምትባለው ነዳጅ ቀጂ ወደ እሳቸው ስትመጣ አዩ። ልጅቷ ለማደያው አዲስ ናት። ነጭ ጋቢ የለበሱ አዛውንት፣ ከነትንሽ መኪናቸው፣ በተሳቢዎች መሃል ተሰልፈው ስታይ አሳዘኗት።

«ጋሼ፣ ምን አሰለፈዎት? በዚያ በኩል ባዶ ነው፤ ይምጡ እኔ ልቅዳልዎት።»

ጋሽ ወርቁ ደረታቸው ሰፋ። ከሰልፍ ተመርጠው ሲወጡ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። «አየህ፣» አሉት ሹፌሩን፣ «ሰው የሚያውቅ ሰው አለ።» መኪናዋን አዙረው ባዶ ወደነበረው መቅጃ አስጠጉ፤ ሹፌሩም የተጀመረለት ነገር እንዲያልቅለት በግማሽ እንቅልፍ በእግሩ አዝግሞ ተከተላቸው። ጋሽ ወርቁ ጀርባቸውን ለመቅጃው፣ ፊታቸውን ለሹፌሩ ሰጥተው ቀጠሉ።

«ቤንዚን ነው አይደል ጋሼ?» አለች ሩታ።

«አዎ፣ አዎ» አሉ ጋሽ ወርቁ፣ ወሬ ሲቋረጥባቸው እንደሚያደርጉት እጃቸውን ወደ ኋላ እያወዛወዙ። «እና ምን ልበልህ፣ ቤንዚን ማለት ገለባ እሳት ነው፤ ቦግ ይልና ይጠፋል። ናፍጣ ግን የግራር ፍም ነው…»

«ይሙላ?»

«ሙይው፣ ሙይው! የግራር ፍም! ቀስ ብሎ ይዞ፣ ሌሊቱን ሙሉ…»

ሞላችው።

ከማደያው እስከ በረንዳው ድረስ መኪናዋ በነዳጅ ቧንቧዋ ውስጥ በቀረላት ናፍጣ ደህና መጣች። ሙደሲር መቀመጫው ላይ ዝም ብሎ መስኮት መስኮቱን ያይ ነበር። በረንዳው ላይ መምሬ ይገረም ከነጃንጥላቸውና ከነመስቀላቸው ይጠብቁ ነበር። መምሬ ደልደል ያሉ ሰው ናቸው። የፊቱ ወንበር ታጠፈላቸው፤ ጃንጥላቸው ገባ፣ ቀጥሎ መምሬ በየክፍላቸው ገቡ፣ ወንበሩ ተመለሰባቸው። «እግዚአብሔር ያውቃል» የሚል ድምፅ ከኋላ ተሰማ።

ጋሽ ወርቁ ሞተሩን አስነሱ። ድምፁ ከወትሮው ይበልጥ ያንኳኳ ነበር፤ አንድ ሰው ከውስጥ ሆኖ ክፈቱልኝ የሚል ይመስላል።

«ዛሬ ድምጿ አምሯል» አሉ።

ሁለት መቶ ሜትር ሄደች። ከዚያ ተንተባተበች፣ ነጭ ጭስ ተፋች፣ ሁለት ጊዜ ወደ ፊት ዘለለችና ጸጥ አለች። የቆመችው የት መሰላችሁ? የጭነት መኪናዎች ጤፍ የሚያራግፉበት፣ አንድ ተሽከርካሪ ብቻ የሚያሳልፈው ጠባብ መንገድ ላይ፣ በቅዳሜ ገበያ፣ ልክ እኩሉ ላይ። ከኋላ ሁለት መቶ ኩንታል የጫነ መኪና ጥሩምባውን ለቀቀው። ከኋላው ያለው ተቀበለው። ጋሪ ገፊዎች ቆሙ፤ ጆንያ ተሸካሚዎች ጆንያቸውን በክዳኗ ላይ አሻግረው ማለፍ ጀመሩ።

ጋሽ ወርቁ ቁልፉን አዞሩ። ምንም። ደግመው አዞሩ።

«ምን ሆና ነው ጋሼ?» አለ አንዱ ጫኝ በመስኮት።

«ትንሽ ደክሟት ነው።»

የኋለኛው መኪና ሹፌር ወርዶ መጣ። ስንት ሰልፍ ላይ ሲማር የኖረ፣ የግራሩን ፍም በቃሉ የያዘ ሰው ነው። መኪናዋን ዞረ፣ ጭሱን አሸተተ፣ ፊቱ ተለወጠ። የነዳጅ መሙያውን ክዳን ከፈተና አፍንጫውን አስገባ። ቀና ሲል ዓይኑ ውስጥ እንባ የመሰለ ነገር ነበር።

«ጋሽ ወርቁ፣» አለ በለሆሳስ፣ «ይሄ እኮ ቤንዚን ነው።»

ሳቁ ከእህል በረንዳ አንድ ጥግ ተነስቶ እንደ ተቀደደ ጆንያ እህል መንገዱ ላይ ፈሰሰ። ሚዛን ላይ የነበረ ሚዛኑን ለቀቀ፤ ጆንያ የተሸከመ ጆንያውን አውርዶ ተቀመጠበት። ስልኩን ያላወጣ ሰው አልነበረም።

«ውረዱና በእግራችን እንሂድ» አለ ሙደሲር፣ በሩን ከፍቶ እየወረደ። ጋሽ ወርቁም ወረዱ። መምሬ ይገረም ግን ሊወርዱ አልቻሉም፤ የወንበሩ ማጠፊያ ተጣብቋል። ሙደሲር ጎተተ፣ ጋሽ ወርቁ ጎተቱ፣ ሹፌሩ ጎተተ። ወንበሩ ንቅንቅ አላለም።

«ተዉት፤» አሉ መምሬ ከውስጥ፣ «ቀኔ ደርሶ ነው።»

መኪናዋን ዳር የሚያሲዙበት ቦታ የለም፤ መርካቶ ውስጥ ባዶ ዳር ካለ ባለቤት አለው። የሚቻለው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ስምንት ጫኞች ከኋላ ቆሙ፤ ጋሽ ወርቁ መሪውን ለመያዝ ተመልሰው ገቡ። «ሆ! በል! ሆ! በል!» እየተባለ ሰማያዊዋ ጉዞ ጀመረች፤ ከፊት ሙደሲር መንገድ እያስለቀቀ፣ ከኋላ ባለ ሁለት መቶ ኩንታሉ ጥሩምባ እየነፋ። መምሬ ይገረም መስቀላቸውን በመስኮት አውጥተው የሚገፉትን ይባርኩ ነበር። ሕዝቡም በየደጃፉ ቆሞ ይሳለማል፣ ይስቃል፣ ይቀርጻል። አንዲት ሴት ታቦት የወጣ መስሏት እልል አለች።

ጋሽ ወርቁ መሪው ላይ አቀርቅረው ቀሩ። ጆሯቸው ግሎ ነበር። የቅድሙን ሁሉ መላልሰው ያስቡታል፤ ባዶው መቅጃ፣ የልጅቷ ድምፅ፣ የራሳቸው እጅ ወደ ኋላ ሲወዛወዝ። እያንዳንዱ «ሆ! በል!» ጀርባቸው ላይ እንደ ጥፊ ያርፍ ነበር። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጎረምሳ «አንተ» ቢላቸው ስለ አክብሮት አይመክሩትም ነበር።

ወሬ ከመኪናዋ ቀድሞ ነበር። አዳራሹ በር ላይ ሲደርሱ፣ ሰባት ወር ያልተነጋገሩት ሙስዓብና ፋንታዬ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው በአንድ ስልክ ላይ አቀርቅረዋል። ፋንታዬ መነጽሯን ረስታ ስለመጣች ስልኩን የያዘላት ሙስዓብ ነው።

«እዚህ ጋ መልሰው፣ መምሬ ሲባርኩ ያለውን» ትላለች።

«ይኸው እትዬ፣ ይቺ እልል ያለችዋን ይዩልኝ!»

ሽማግሌዎቹን ሲያዩ ሁለቱም ቀጥ አሉ፤ ግራና ቀኝ ተራራቁ፤ ፊታቸውን አጨማደዱ። ግን ዘግይተዋል። መምሬ ይገረም በመካኒክ ብሎን መፍቻ፣ በሁለት ጫኞችና በአንድ ጸሎት ከኋላ ወንበር ወጡ፤ ሁሉም ገብቶ ተቀመጠ።

ጋሽ ወርቁ ተነሱ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «የተከበራችሁ…» አሉና ሳል ያዛቸው። «ጥፋትን ማመን፣ ከሁሉ በፊት፣ የወንድነት…»

«ጋሼ፣» አለ ሙስዓብ በትሕትና፣ «ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ልጠይቅ? ቤንዚኑን ማን ሞላው?»

«ልጅቷ ናት» አሉ ጋሽ ወርቁ ወዲያው። «ማደያ ላይ ያለችው ልጅ። ያለ ሥልጠና ሰው እየቀጠሩ ነው የሚያስቸግሩን።»

ሙደሲር ጉሮሮውን ጠረገ። «ወርቁ፣» አለ ድምፁን ሳያነሳ፣ «ልጅቷ ‹ቤንዚን ነው አይደል› ብላሃለች። ‹አዎ፣ አዎ› ብለሃታል። ‹ይሙላ› አለችህ፤ ‹ሙይው› አልካት። እኔ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ ሰምቻለሁ።»

ጋሽ ወርቁ ዞረው አፈጠጡበት። «ሰምተህ ነው ዝም ያልከው?»

«ምን ላድርግ? ሃያ ዓመት ስትናገር አቋርጬህ የማላውቀውን ዛሬ ላቋርጥህ? ደግሞ ስለ ናፍጣ የማታውቀው የለም፤ ምናልባት የሆነ ዘዴ ይኖረዋል ብዬ አሰብኩ።»

የአዳራሹ ወንበሮች ተንጫጩ። ፋንታዬ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። መምሬ ይገረም ጣሪያውን አዩ።

«እንግዲህ ጋሽ ወርቁ፣» አለች ፋንታዬ ነጠላዋን ከአፏ አውርዳ፣ «እኛን ‹አጥፍቻለሁ በሉ› ሊሉን አይደል የመጡት? እኛ ለቃሉ አዲስ ነን። እርስዎ ቀድመው ቢያሳዩን፣ አይተን እንከተል ነበር።»

ከአውቶቡስ ተራ በኩል «ደሴ! ደሴ! አንድ ሰው!» የሚል የጥሪ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ጋሽ ወርቁ ለአንድ አፍታ ያ አንድ ሰው መሆን አማራቸው። ላባቸው በግንባራቸው ወረደ። በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት።

«አ…» አሉ። «ያው… እኔም… አጥፍቻለሁ።»

«አልሰማንም!» አለ አንዱ ጫኝ ከበር ላይ። ስምንቱም ገፍተው ስለመጡ ትርዒቱ ይገባቸዋል ብለው ደጃፉን ሞልተውት ነበር።

«አጥፍቻለሁ! ቤንዚን ያስሞላሁት እኔ ነኝ!» አሉ ጋሽ ወርቁ ጮኸው፣ እና ተቀመጡ። ንግግራቸውን ግን አልጨረሱም ነበር።

ያንን የሰማ ሰው መቀመጫ አልበቃውም። ሙስዓብ እየሳቀ ተደፍቶ ሲነሳ እጁ የፋንታዬን ትከሻ ይዞ ነበር። «እትዬ፣ እሳቸው ካሉ እኔ ማን ነኝ?» አለ ዓይኑን እየጠረገ። «ነቀዝ አለበት ብያለሁ። አንድም ነቀዝ አልነበረበትም። ደንበኛ ወስደውብኝ ተናድጄ ነው።»

«እኔም አሸንዳውን አዙሬያለሁ» አለች ፋንታዬ። «በሁለት እጄ። መሰላል ይዤ ወጥቼ። በዚህ ዕድሜዬ!»

መምሬና ሙደሲር በየፊናቸው መረቁ። ዳቦ ተቆረሰ፣ ለስላሳ ተከፈተ። በሠላሳ ዓመት የበረንዳው ታሪክ እንዲህ በአጭር የተቋጨ ሽምግልና እንዳልነበረ ሁሉም ተስማማ። ሰብሳቢውን ማንም አላመሰገናቸውም፤ ማንም ሲያያቸው ሳቁን መቆጣጠር ስላልቻለ ነው። ጋሽ ወርቁ ጥግ ይዘው አንድ ለስላሳ በእጃቸው ሲያሞቁ ቆዩ።

ቤታቸው የደረሱት በእግራቸው ነው። ቦሰና ደጃፍ ላይ ሽሮ ትነፋ ነበር። ፊቷን አይተው ቪዲዮው እንደደረሳት አወቁ፤ ወንፊቱን ይዛ ተመለከተቻቸው።

«እና ታረቁ?» አለች።

«ታረቁ።»

«እንግዲያው መኪናዋ አንድ ቀን ሠራች።»

ጋሽ ወርቁ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ በምትኩ የወጣው ሳቅ ነበር። አጭር ነው፣ ዝገት አለበት፤ ግን ሳቅ ነው። ቦሰና ወንፊቱን አስቀምጣ ውሃ ልታመጣላቸው ገባች።

ሰኞ ጴጥሮስ ታንከሩን አራግፎ፣ ክዳኑን ከፍቶ፣ ከወትሮው ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ዝም አለ። ናፍጣ የሞተሩን ፓምፕ ያለሰልሰው እንደነበር፣ ቤንዚን ግን እንደበላው፣ ሌላ ፓምፕ ከውጭ አገር ካልመጣ መኪናዋ እንደማትነሳ ነገራቸው። መቼ እንደሚመጣ እንደማይታወቅም ነገራቸው። ጋሽ ወርቁ መኪናዋን በሸራ አልብሰው ጋራዡ ጥግ ትተዋት ወጡ።

ማክሰኞ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ከቦሰና ጋር ታክሲ ተሳፈሩ። ቦሰና ከፊት ቦታ አገኘች፤ እሳቸው ከኋላ፣ መስኮት ሥር፣ አንድ መነጽር ያደረገ የባንክ ሠራተኛ መሳይ ወጣት አጠገብ ተጣበቁ። ታክሲው ዳገቱን ሲጀምር ሞተሩ አቃሰተ። ጋሽ ወርቁ ጆሯቸውን አቆሙ። ትንሽ ታገሡ። አሁንም ትንሽ ታገሡ። ከዚያ ወደ ወጣቱ ዘንበል አሉና፣

«ይሄ እኮ ቤንዚን ነው» አሉት። «ይሰማሃል ሲያቃስት? ናፍጣ ቢሆን ኖሮ…»

ወጣቱ በመስኮት ወደ ውጭ አየ። የሚሄድበት ቦታ ገና ሁለት ፌርማታ ይቀረው ነበር።

«ወራጅ አለ!» ብሎ ጮኸ።